ስትሸጣትስ?

አዲስ አበባ ውስጥ «መኪና ልገዛ ነው» የሚል ቃል ከአፍ ካመለጠ፣ ለመምከር መንጃ ፈቃድ የሚያስፈልገው ሰው የለም። የግቢው ጥበቃ፣ የንስሐ አባት፣ ሊስትሮው፣ ዕድሜ ልካቸውን ከሚኒባስ የኋላ ወንበር ያልተነሡ አክስት፣ ሁሉም የሚምሉበት አንድ ሞተርና የሚረግሙት አንድ ካምቢዮ አላቸው። የኔዋ አክስት እንኳ «አውቶማቲክ እንዳትገዛ፣ ዳገት ላይ ይከዳል» ብለው አስጠነቀቁኝ። ማን ከድቷቸው እንደሆነ አልጠየቅሁም።

ፍላጎቴ አጭር ነበር። ጠዋት ከአያት ሜክሲኮ የምታደርሰኝ፣ ማታ የምትመልሰኝ፣ መገናኛ አደባባይ ላይ ቆማ የማታዋርደኝ፣ ቤንዚንም የምትቆጥብ መኪና። ያገለገለች መሆኗ ግልጽ ነው፤ አዲስ የሚገዛ ሰው ምክር ይሰጣል እንጂ አይጠይቅም። ነገር ግን ምክሩ ከሞተር ይነሣ ከጎማ፣ ከማርሽ ይነሣ ከመብራት፣ ማረፊያው አንድ ሆነብኝ። «ጥሩ ናት፤ ስትሸጣትስ?»

ገና አልገዛኋትም እኮ! ሽማግሌ ልኮ ሲያበቃ «ፍቺው ስንት ያስወጣል?» ብሎ የሚጠይቅ ሙሽራ መሰልኩ። ያም ሆኖ ጥያቄው አይቀርም። ሱዙኪ ዲዛየር ደስ አለችኝ ስል «ስትሸጣትስ?»፣ ሊፋን በዋጋዋ ትሻላለች ስል «ስትሸጣትስ?»፣ ማኑዋል ማርሽ እመርጣለሁ ስል «ለራስህ እሺ፣ ስትሸጣትስ?»።

ቀስ በቀስ ነገሩ ገባኝ። ለካ መኪናዋ የምትገዛው ለእኔ አይደለም፤ ከዓመታት በኋላ ከእኔ ላይ ለሚገዛት ለአንድ ሰውዬ ነው። ይህን ሰውዬ አላውቀውም። መልኩን አላየሁም፣ ስሙንም አልሰማሁም። ምርጫውን ግን መላው ከተማ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ቶዮታ ይወዳል። ነጭ ይወዳል፣ ነጭ ከጠፋ ሲልቨር። ወንበሩ ላይ የፋብሪካው ላስቲክ ካልተነሣ ልቡ ይጠፋል። በዚህ ከተማ ስንቱ ነው በእሱ ምክንያት፣ በገዛ ገንዘቡ በገዛው መኪና ውስጥ፣ ላስቲክ ላይ ተቀምጦ፣ በግንቦት ፀሐይ ጀርባው እያላበ ሥራ የሚገባው!

ሰውዬውን ሙሉ በሙሉ መውቀስ ግን አይቻልም። በሌላው ዓለም መኪና ከመሸጫው በር እንደወጣ ዋጋው መውረድ ይጀምራል ይባላል። እኛ ዘንድ አብሮኝ የሚሠራ ሰው ኮሮላውን ዓመታት ነድቷት፣ ልጆቹን አመላልሶባት፣ ዘመድ አዝማዱን ቀብሮባት ሲያበቃ ከገዛበት በብዙ እጥፍ ሸጣት። ምክንያቱ ምሥጢር አይደለም። ቀረጡና ታክሱ ድሮም ከባድ ነበር። በ2012 የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ አሮጌ መኪና ማስገባትን የሀብታም ጨዋታ አደረገው። በ2016 መንግሥት ቤንዚንና ናፍጣ የሚጠጡ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከለከለ፤ በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ደግሞ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ተደረገ። አንድ ውሳኔ በተሰማ ቁጥር፣ ቀድሞ የገባው አሮጌ መኪና በቆመበት ይከብራል። ገንዘቡን ባንክ ያስቀመጠ ሰው ወለዱን ቆጥሮ ሲያዝን፣ ኮሮላ ያስቀመጠው ጎማዋን በእግሩ ነካ እያደረገ ይስቃል። አዲስ አበባ ላይ ያገለገለ መኪና ማለት ቁጠባ ነው፤ አልፎ አልፎም ይነዳል።

ከእጩዎቹ መጀመሪያ የቀረበችልኝ ላዳ ናት። ያቀረባት የሰፈራችን መካኒክ ሲሆን፣ ያቀረባትም ከናፍቆት የተነሣ ነው። ሶቪየቶች የጣሊያኖቹን ፊያት 124 ፈቃድ ገዝተው፣ ለብርድና ለመጥፎ መንገድ አጠንክረው፣ እ.ኤ.አ. ከ1970 ጀምሮ ያወጧት ናት። «ላዳ እኮ መንገድ ላይ በሽቦና በፒንሳ ትነሣለች» ይላል። እውነቱን ነው። ችግሩ እኔ ጠዋት የምለብሰው ሸሚዝ እንጂ ቱታ አለመሆኑ ነው።

ቀጥላ የከተማዋ ንግሥት መጣች። ቪትዝ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፣ ምክንያቱም ስለ ቪትዝ ማንም የማይጠይቀው አንድ ጥያቄ አለ። ቶዮታ ይህችን መኪና እ.ኤ.አ. በ1999 ሲያወጣት ቪትዝ የሚለውን ስም የሰጣት ለጃፓን ገበያ ነበር፤ አውሮፓ ውስጥ ያሪስ ተባለች። ጃፓን ደግሞ መኪና መንገዱን በግራ ይዞ የሚሄድባት አገር ስለሆነች መሪው በቀኝ ነው። እንግዲህ አስቡት፤ አያት መንገድ ላይ መሪዋ በግራ የሆነ ቪትዝ ካያችሁ፣ ወይ መሪዋን ቀይራለች ወይ ስሟን ቀይራለች። ደላላው የትኛውን እንደሆነ አይነግራችሁም።

መሪ የቀየረችውን ለመለየት ዝናብ ጥሩ መካኒክ ነው። መስታወት መጥረጊያው ዛሬም የሚጠርገው ለቀድሞው ጃፓናዊ ሹፌር ነው፤ በእናንተ በኩል ያለው ጥግ እንደራሰ ይቀራል። አንዳንዷ ላይ ደግሞ ፍሬቻ አበራለሁ ብላችሁ በጠራራ ፀሐይ መስታወት ትጠርጋላችሁ። የመጀመሪያዎቹ ቪትዞች የፍጥነት መቁጠሪያቸው ዳሽቦርዱ መሃል ላይ ስለሆነ ለቀያሪዎቹ ሥራ አቅልለዋል። ሥራው በደንብ ከተሠራ ዕድሜ ልክ ይነዳል፤ ካልተሠራ ግን መሪ እንደ ወንበር ልብስ ተለውጦ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ስለዚህ መካኒኩ ከዳሽቦርዱ ሥር ገብቶ የመሪውን ዘንግና ብየዳውን ሳያይ ቀብድ አትክፈሉ። ደላላው «እሱን ሁሉ ማን ያያል?» ቢላችሁ፣ ከዚያ ግቢ ውጡ።

ከፋብሪካ ጀምሮ መሪዋ በግራ የሆነችው ያሪስ ከዚህ ጣጣ ነጻ ናት። ዋጋዋ ላይ ግን ነጻነቷን ታስከፍላለች።

አሁን ወደ ቤንዚኑ። «አንድ ሺህ ሲሲ ግዛ፤ እሷ ቤንዚን ታሸታለች እንጂ አትጠጣም» አሉኝ። ሜዳ ላይ፣ ብቻችሁን ሆናችሁ፣ መንገዱ ክፍት ሲሆን ልክ ናቸው። አዲስ አበባ ግን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ እንጦጦ ስትወጡማ ከ3,000 ይዘላል። አየሩ ሲሳሳ ቱርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። 70 የፈረስ ጉልበት አላት ተብላችሁ ከገዛችሁ፣ 14 ያህሉ ፈረስ ጅቡቲ ወደብ ላይ ቀርቷል ማለት ነው። የተረፉት ፈረሶች አራት የሥራ ባልደረባ ጭነው ቸርችል ጎዳናን ወደ ፒያሳ ሲወጡ፣ በሁለተኛ ማርሽ ያለቅሳሉ፤ እንባቸውም ቤንዚን ነው። ስለዚህ ሰው የሚጭን፣ ዳገት የሚበዛበት ሰፈር የሚኖር ሰው 1300ዋን ቢይዝ፣ በወረቀት ላይ ያለው ልዩነት መንገድ ላይ ሲደርስ እየጠበበ ይሄዳል፤ ሞተሩም አይንገላታም። ይህ የኔ ፍርድ ነው። ቡና እያስጠጣሁት የሚሟገተኝ ሰው አላጣሁም።

ሒሳቡን እንሥራው ካላችሁ፣ የኔ ደርሶ መልስ 35 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በወር 22 የሥራ ቀን ቢታሰብ 770 ኪሎ ሜትር። በሊትር 12 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና 64 ሊትር ይበቃታል፤ 9 የምትሄደው 86 ሊትር ግድም ትፈልጋለች። እንዲቀለን አንዱን ሊትር 100 ብር እንበለው። (ዋጋው በ2017 የገና ሰሞን 100ን ተሻግሯልና ይህን ማደያ ውስጥ ጮክ ብላችሁ አትናገሩ፤ ይስቁባችኋል።) ልዩነቱ በወር ከ2,100 ብር በላይ ነው። ቀላል ገንዘብ አይደለም። ነገር ግን ካምቢዮ አንድ ቀን ኩርፊያ ቢጀምር የወራቱን ቁጠባ ጠራርጎ ይዞ ይሄዳል። ቤንዚን የምትቆጥብ አመለኛ ከማገኝ፣ ትንሽ የምትጠጣ ጨዋ ብትገጥመኝ እመርጣለሁ። ለዚያውም መኪናዋ ምን ብትቆጥብ፣ ሲኤምሲ ላይ መንገድ ተዘግቶ ሞተር እያንኳኳች ስትቆም የምትሄደው ኪሎ ሜትር ዜሮ ነው፤ ዜሮን ለስንትም ሊትር ብታካፍሉት ዜሮ ነው።

ይህን እውቀት ሸክፌ ወደ መኪና ቤቶች ወረድኩ።

የደላላ ቋንቋ ራሱን የቻለ ነው። መኪና «ሰው ያዛት» እንጂ «ተነዳች» አይባልም። የያዛት ሰው ማንነት ደግሞ ከሞተሩ ይበልጣል። ሐኪም የያዛት፣ ሴት የያዘቻት፣ ዲያስፖራ ገዝቶ ያቆማት፣ ዲቪ ደርሶት ሊሄድ የቸኮለ ሰው የሚሸጣት። ከተማው ውስጥ ስንት ሹፌር ራይድ ሲሠራ እንደሚውል እያየን፣ አንድም ቀን «ይቺን ራይድ ሠርተንባታል» ያለኝ ሻጭ የለም። ሰሌዳዋም የራሷ ጨዋታ አላት። ኮድ 2 መሆኗ ብቻ አይበቃም፣ ፊደሏ ኤ ነው ቢ? ፊደሉ በገፋ ቁጥር ዋጋው ይገፋል። ሰሌዳ ግን የሚናገረው አገር ውስጥ የተመዘገበችበትን ዘመን እንጂ የተወለደችበትን አይደለም። በወጣት ሰሌዳ የምትሄድ አሮጊት ስንት አለች መሰላችሁ።

አንድ ግቢ ውስጥ እ.ኤ.አ. የ2003 ስሪት አየሁ። ታጥባ፣ ጎማዋ ጥቁር ቀለም ተቀብቶ፣ ሽቶ ተረጭቶባት ነበር።

«ስንት ሄዳለች?» አልኩት ደላላውን።

«78 ሺህ ብቻ፣ የኔ ወንድም። ባለቤቷ እናት ናቸው። ከቤተ ክርስቲያን በቀር የትም አይሄዱባትም።»

በልቤ አካፈልኩ። ከሃያ ዓመት በላይ፣ 78 ሺህ፤ በቀን 10 ኪሎ ሜትር ግድም መሆኑ ነው። ጎንበስ ብዬ ፔዳሉን አየሁ። የፍሬኑ ጎማ ተበልቶ አልቆ ብረቱ ያበራል። የመሪው ቆዳም በሁለቱም እጅ መያዣ በኩል ተልጧል።

«እኚህ እናት ፍሬኑን ጨርሰውታል እኮ» አልኩት።

«ግሸን ማርያምም ይሄዳሉ» አለኝ፣ ዓይኑን ሳያሽ።

ኪሎ ሜትር ቆጣሪን ወደ ኋላ የሚመልስ ባለሙያ ሞልቷል። ፔዳልን ወደ ኋላ የሚመልስ ግን እስካሁን አልገጠመኝም። ስለዚህ ቆጣሪውን ትታችሁ የፔዳሉን ጎማ፣ የሹፌሩን ወንበር ጠርዝና የመሪውን ቆዳ ጠይቁ፤ እነሱ ደላላ አያውቁም።

ሌላው ዘዴ ሙቀት ነው። «መጣሁ» ብላችሁ ከደወላችሁ፣ እስክትደርሱ ሞተሩ ተነሥቶ፣ ሞቆ፣ ለስልሶ ይጠብቃችኋል። የሰፈራችን መካኒክ አብሮኝ ሲሄድ ከሰላምታ በፊት እጁን ኮፈኑ ላይ ያሳርፋል። ትኩስ ከሆነ «ሌላ ጊዜ እንመለሳለን» ይላል፣ ሻጩን እንኳ ሳያይ። ቀዝቃዛ ከሆነ ያስነሣና ከኋላ ሄዶ ማርሚታው ሥር ይቆማል። ሰማያዊ ጭስ ከወጣ ዘይት ትበላለች፣ ሞቃ ሳለ ነጩ ካላቆመ ውሃ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ጥቁር ከሆነ ቤንዚኑ በወጉ አይቃጠልም። ከኪሱ በጨርቅ የተጠቀለለች ማግኔት አውጥቶ በሮቹን ይዳስሳል፤ ማግኔቷ አልይዝ ያለችበት ቦታ ላሜራ ሳይሆን ስቱኮ ነው። አንዷ ነጭ ቆንጆ ላይ ማግኔቷ ከፊት በር እስከ ኋላ በር አንድ ቦታ እንኳ ሳትይዝ ተንሸራታ ወረደች። ሻጩ «ማግኔቱ ደክሟል» አለ። መካኒኩ ምንም አላለም፤ «እህ» ብቻ። የእሱን «እህ» ዋጋ እኔ ነኝ የማውቀው፤ ገንዘቤን ያተረፈልኝ እሷ ናት።

በዚህ መሃል ጎረቤቴ ኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ከዚያ ወዲህ ምክሩ ሁሉ በፈገግታ ሆነ። ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ሲያልፍ ክላክስ ያደርግልኛል፣ በጨዋነት። ማታ ማታ ከአራተኛ ፎቅ መስኮቱ የኤክስቴንሽን ገመድ ቁልቁል ይለቅና፣ የልብስ ማስጫችንን ተሻግሮ መኪናው አፍንጫ ላይ ይሰካል። መብራት ሲጠፋ ግቢው ሁሉ ቀና ብሎ የእሱን መስኮት ያያል። ወጪው እንደሚቀንስለት አልክድም፤ በየቀኑ ብዙ ለሚነዳና የራሱ ግቢ ላለው ሰው እኔም እሷን ነው የምመክረው። አንድ ቀን ግን ፈገግታውን ማጥፊያ አገኘሁ። «ባትሪው ሲያረጅ፣ ስትሸጣትስ?» አልኩት። ይህን ጥያቄ ሌላ ሰው ላይ መጣል እንዲህ ደስ እንደሚል አላውቅም ነበር።

በመጨረሻ የተገኘችው ያሪስ ናት። 1300፣ ማኑዋል፣ ከፋብሪካ ጀምሮ መሪዋ በግራ። ሻጩ ጡረታ የወጡ አባት ናቸው፤ ደላላ የላቸውም፣ ደብተር አላቸው። ዘይት የቀየሩበት ቀን፣ ካንዴላ የለወጡበት፣ ፍሪሲዮን ያሠሩበት፣ ሁሉም በሰማያዊ እስክሪብቶ ተጽፏል። ሞተሩ ቀዝቃዛ ነበር። ጭስ የለም። ማግኔቷ የትም ብትሄድ ትጣበቃለች። መካኒኩ ኮፈኑን ዘግቶ እጁን በጨርቅ እየጠረገ «ሞተሯ አልተነካም» አለ። ከእሱ አፍ ይህን የሰማ ሰው የለም ማለት ይቻላል።

«ታዲያ እስካሁን ለምን አልተሸጠችልዎትም አባቴ?»

ሰውዬው ቅር እያላቸው እጃቸውን ወደ መኪናዋ ዘረጉ። «ይኸው ታያታለህ።»

መኪናዋ አረንጓዴ ናት። ጥቁር አረንጓዴ፣ የወታደር አረንጓዴ፣ ወይም ቢያንስ ሰው የሚለምደው ዓይነት አይደለም። ቃሪያ ናት። የመጣው ገዢ ሁሉ ሞተሯን አድንቆ፣ ደብተሩን አገላብጦ፣ ሲያበቃ ቀለሟን አይቶ ያን የማላውቀውን ሰውዬ አስቦ ሄዷል። አንድ ደላላ «ሲልቨር እናስቀባት» ብሏቸው ነበር። ቀለሟ ግን ሊብሬው ላይ ተጽፏል፤ ቀለም መቀየር መዝገብ መቀየር ነው፣ መዝገብ መቀየር ደግሞ ወረፋ ነው። እንዲያውም የተቀባች መኪና የተጋጨች ናት ተብላ ዋጋዋ ይወርዳል እንጂ አይጨምርም።

ቤት ደርሼ ለባለቤቴ ስነግራት «ለሥራ እስከሆነ ድረስ ቀለሟ ምን አገባን» አለች። የኔ ሴት! አክስቴ ግን «ልጄ፣ ስትሸጣትስ?» አሉ። አልሸጣትም አልኳቸው። ደነገጡ። ሊሸጠው ሳያስብ መኪና የሚገዛ ሰው በቤተሰባችን ታይቶ አይታወቅም።

ወረቀቱ ብዙ አላስቸገረም። መጀመሪያ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት አጣራሁ፤ ባንክ የያዛትን መኪና በውክልና ሸጦ የሚሰወር አለና ይህን ሳያጣሩ ብር መቁጠር ሞኝነት ነው። መካኒኩ የሻንሲና የሞተር ቁጥሯን ከሊብሬው ጋር በጣቱ እየተከተለ አስተያየ። ውልና ማስረጃ ተሰልፈን ተፈራረምን፣ ስሟ ዞረ። ሰውዬው ደብተሩንም ሰጡኝ፤ መኪናዋን ሲሰጡኝ ካመነቱት ይበልጥ አመነቱ።

አሁን በእሷ ነው የምመላለሰው። መደበቅ ግን ቀረ። ቀብር ሳልደርስ ብቀር «መኪናህን ገርጂ አይተናት ነበር» ይባላል። አለቃዬ ከመሥሪያ ቤቱ አምስተኛ ፎቅ ሆነው የገባሁበትን ሰዓት ያውቃሉ። የሰፈር ልጆች «ቃሪያዋ መጣች!» እያሉ መንገድ ይለቃሉ። አንዳንዴም የማላውቀው ሹፌር ከጎኔ ቆሞ፣ መስታወት አውርዶ፣ በሐዘኔታ ያየኛል።

ባለፈው ሌሊት ግቢያችን ሌባ ገባ። ጠዋት ስወርድ ጎረቤቶቼ ፒጃማቸውን እንደለበሱ በመኪኖቻቸው ዙሪያ ቆመዋል። የነጩ ቪትዝ ሁለቱም ስፖኪዮ የለም። የሲልቨሩ ኮሮላ፣ መስታወቱ ላይ የሰሌዳ ቁጥር አስጽፎበት ሳለ፣ አንዱ ሄዷል። ባለቤቷ ሶማሌ ተራ ሄዶ የገዛ ስፖኪዮውን ተከራክሮ ለመግዛት ጫማውን እያሠረ ነው። የኤሌክትሪኳም ገመዷ አለ እንጂ ስፖኪዮዋ የለም። ቃሪያዬን ዞሬ አየኋት። ሁለቱም በየቦታቸው ናቸው።

«የኔን እንዴት ተዉት?» አልኳቸው ጥበቃውን።

ጋሼ ጥበቃ ብርድ ልብሳቸውን እያጣጠፉ ቀና አሉ። «ሰውዬ፣ ይችን አረንጓዴ ስፖኪዮ ወስደው ለማን ይሸጧታል?»